በቆሎ ያሰርንበት ጥቅምት

ባለፈው ወር በረንዳችን ላይ የተረሳ ፌስታል አገኘሁ። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቤት ውስጥ ቦታ ያጣ ዕቃ ሁሉ የሚሰደድበት ነው። ከባልዲውና ከከሰል ምድጃው ኋላ፣ አፉ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ጥቁር ፌስታል ተወሽቋል። ልጆቼ ጀሞ መንገድ ዳር ከምትሸጠው ሴትዮ ገዝተው የበሉት የበቆሎ እሸት ልጣጭ መሆኑን ያወቅሁት ቋጠሮውን ስፈታው ነው። እርጥብ እንዳለ ታስሮ ስንት ጊዜ እንደከረመ እንጃ። ሽታው ግንፍል ብሎ ወጣ።

ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ኧረ ጣይው ትለኛለች። እኔ ግን አፍንጫዬን ፌስታሉ ውስጥ ከትቻለሁ። ኮምጠጥ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽ ጠጅ፣ ትንሽ እርሾ የሚል ሽታ። ልጅቷ እናቷ የለየላት መስሏት አባቷን ልትጠራ ገባች። ለአንድ ፌስታል ጥራጊ ዓይኔ እንባ ያቀረረበትን ምክንያት በረንዳ ላይ ቆሜ ላስረዳው ብሞክር የሚሆን አልመሰለኝም። ደግሞም ታሪኩ አጭር አይደለም።

አራተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የዛሬውን ላፍቶ እርሱት። ከቤታችን ጀርባ ሰፊ መስክ ነበር፤ ከመስኩ ቀጥሎ የበቆሎ ማሳችን፣ ከማሳው ወዲያ ጅረት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ፉሪ ተራራ ድረስ ዓይን የሚያግደው ነገር የለም። ታክሲ የፈለገ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ጭቃውን አቋርጦ አስፋልት ድረስ ይወጣል። ከተማው ወደኛ ይመጣል ሲባል እሰማ ነበር። መቼም ከተማ እግር የለውም ብዬ ነገሬም አላልኩት።

ቤቱን የምትመራው አዳዳ ናት። አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። በኦሮምኛ የአባት እህት እንዲያ ነው የምትጠራው፤ እኛ ቤት ስሟን የሚጠራ አልነበረም። ጎረቤት ግን እትዬ ዘነቡ ይላታል። አባቴ ገና በወጣትነቱ ፋብሪካ ገብቶ የወር ደመወዝተኛ ሲሆን፣ እሷ ከወላጆቻቸው መሬትና ከብት ጋር ቀረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትሄድ ቀሚሷ እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ ሴት ነበረች። ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ምሳዋን ቆማ፣ አንድ እጇን በበረቱ በር ላይ አድርጋ ላሞቿን እያየች ነበር የምትበላው።

ላሞቹ የፈረንጅ ዘር ያላቸው ናቸው። ሁሉንም ትወዳቸው ነበር ብል እዋሻለሁ፤ የምትወደው ቡሬን ነው። ቡሬ ጥቁርና ነጭ፣ ሆዷ ሰፊ፣ ዓይኗ ላይ የተኳለች የሚያስመስል ጥቁር ክብ ያላት ላም ናት። አዳዳ በኦሮምኛ ስታናግራት ጆሮዋን ታዞራለች። እኔን ስታናግረኝ ግን እንደዚያ በለዘበ ድምፅ አልነበረም፤ ቀናሁ ብል ነውር የለውም። ያን ዓመት ቡሬ ከብዳ ነበር፤ ጥር ላይ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው መስኩ ላይ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ቸከሉ። በየመሃሉ ርቀታቸውን ጠብቀው፣ ቀጥ ብለው የተሰለፉ ችካሎች። የእኛ ጥጆች ማሰሪያ ምንጊዜም ጠማማ ግንድ ነበርና በጣም ደስ አለኝ። እየሮጥኩ ገብቼ ለአዳዳ መንግሥት ለጥጆቻችን ችካል እንደሰጠን አበሰርኳት። ወጥታ አየች። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አዳዳ በቀን ቁጭ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ እኔም ከደስታ ብዛት የተቀመጠች መሰለኝ።

መስኩ ለቤት መሥሪያ ማኅበር ተሰጥቶ ኖሯል። ከመስቀል በፊት ዙሪያው በሽቦ ታጠረ። የበቆሎ ማሳችን ለጊዜው አልተነካም፤ መስኩ ግን ሄደ። ነገሩ የገባኝ አዳዳና አባቴ ማታ ራት ላይ ሲነጋገሩ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የመስኩ ሣር ይታጨዳል፣ በትራክተር ይታሰራል፣ ላሞቹ እሱን እየበሉ ቀጣዩ ክረምት ይገባል። ሣሩ ከሌለ ላሞቹ የሚበሉት የለም። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ከስተው ቆዳቸው ከአጥንታቸው ሳይጣበቅ፣ ሰው ዞር ብሎ የማያያቸው ሳይሆኑ ይሸጡ አለ። የሰበታ ከብት ነጋዴ ቡሬን አይቷት ወዷታል።

አዳዳ “እስከ ገና ታገሰኝ” አለችው።

“እስከ ገና ምን ይመጣል?”

“ገና ይመጣላ።”

አባቴ ሳይወድ ሳቀ። ቃል ግን አስገባት። ገና ሲደርስ የሚበሉት ከሌለ ነጋዴው ይመጣል፤ መጀመሪያ የምትሄደውም ቡሬ ናት። እኔ በበኩሌ ከብት ነጋዴ የማውቀው ለልኳንዳ ቤት ሲያቀርብ ነው። ስለዚህ ቡሬ ከነጥጃዋ ክትፎ ሆና ታየችኝ፤ ያን ሌሊት ሆዴ ባባ፣ እናቴም ራት ከልክ በላይ በልታ ነው ብላ ዳማከሴ አጠጣችኝ።

ጥቅምት እንደገባ ጋሽ ቱፋ እንደልማዱ መጣ። ጋሽ ቱፋ የአንድ ድርቆሽ ነጋዴ ትራክተር እየነዳ የሰፈሩን መስክ የሚያጭድና የሚያስር ሰው ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ኪሱ ሁልጊዜ በብሎን የሚንኳኳ። ትራክተሩን አቁሞ በሽቦው ማዶ ያለውን ረጅም ሣር አየና ኮፍያውን አወለቀ፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ነበር። አዳዳ ግን ሐዘኑን እንዲጨርስ አልፈቀደችለትም። እጁን ይዛ ወደ በቆሎው ወሰደችው። እኔም ተከተልኩ።

ጋሽ ቱፋ በጨዋታ መሃል፣ ድሮ በመንግሥት እርሻ ሲሠራ እርጥብ በቆሎ ከነእሸቱ ተከትክቶ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር እንደነበር አንድ ጊዜ አውርቶላት ኖሯል። ገፈራ ይሉታል። አየር ሳያገኝ ይከርምና ላሞቹ በበጋ እርጥቡን እንደበሉ ይሆናሉ። ይህንን ወሬ ለዓመታት ይዛ ከርማ ያን ዕለት መለሰችለት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። እዚያ የበቆሎ መከትከቻ መኪና ነበራቸው፤ እሱ ያለው ሣር ማጨጃና ሣር ማሰሪያ ብቻ ነው።

“ይኼም ሣር ነው” አለችው አዳዳ፤ “ረዘመ እንጂ።”

“እትዬ ዘነቡ፣ አገዳው ወፍራም ነው። ማሰሪያዋ ትታነቃለች።”

“ትታነቅ። አንተ ጀርባዋን ትመታታለህ።”

ጋሽ ቱፋ በቆሎውን ቀና ብሎ አየው፤ ከሱ በእጥፍ ይረዝማል። አንድ እሸት ቆርጦ ልጣጩን ገልጦ ፍሬውን በጥፍሩ ወጋው። ወተቱ ወፍሮ ሊጥ ወደመሆን ደርሷል። አሁን ነው ሰዓቱ፣ ከዚህ ካለፈ ይደርቃል አለ። ይህን ካለ በኋላ እምቢ ማለት አይችልም ነበር፤ ራሱም ሳቀ።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አልዘገየም። ዘነቡ እሸቱን ከነአገዳው ለከብት ልታጭድ ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ገለባ ለከብት ነው፣ አገዳም ለከብት ነው፣ እህል ግን የሰው ነው። አጥር የምትጋራን እትዬ ወለላ፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ የመንዝ ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ድርቅ ያየች ሴት ናት። ሰው የሚቀምሰውን ፍሬ ለእንስሳ መስጠት ጡር አለው፣ እግዜር አይወደውም አለች። አዳዳ ባልዲዋን አንስታ ወደ ላሞቿ ሄደች። ሰው ሲናገራት ሳትመልስ የምትሄድ ሴት አልነበረችምና ነገሩ እኔንም አስፈራኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ማንንም ሳታማክር የማሳውን አጥር ከፈተችና በኔ በኩል ለየቤቱ ላከች። የመጣ ሁሉ ይቅጠፍ፤ የፈለገ ይጠብስ፣ የፈለገ ይቀቅል፣ የፈለገ ጥሬውን ይቆርጥም። መልእክቱን ለማድረስ እንዴት እንደሮጥኩ። አንድም በር አላንኳኳሁም፤ ከውጭ ሆኜ እየጮህኩ ነበር የማልፈው። የበኩሩን እሸት አስቀድማ በቅርጫት ሞልታ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለሚቀመጡት ነዳያን ወሰደች። ስትመለስ ማሳው በሰው ተሞልቶ ነበር። ልጆች አገዳ እንደ ሸንኮራ እየመጠጡ፣ እናቶች በነጠላቸው እየቋጠሩ፣ ሁለት ሦስት ቦታ እሳት ተቀጣጥሎ። እኔ የተቃጠለ እሸት በልቼ አፌ እስከ ጆሮዬ ከሰል ሆኗል። ሰው ጠግቦ ሲበተን በቆሎው ላይ የጎደለ ነገር አይታይም ነበር።

“ሰው ቀምሷል” አለች አዳዳ ለእትዬ ወለላ አጥር፤ ሴትዮዋ አልመጣችም ነበር። “የቀረው የላሞቹ እሸት ነው።”

ቅዳሜ ጠዋት የትራክተሩ ድምፅ ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ሰምቼ ቁርሴን ጥዬ ወጣሁ። ጋሽ ቱፋ የጥርስ ረድፍ የመሰለውን ማጨጃ ዝቅ አድርጎ ወደ በቆሎው ሲገባ፣ ያ ሁሉ ረጅም ነገር በየረድፉ ሸሸሸ እያለ ተኛ። ከውስጡ አይጦች፣ ድርጭቶችና የእኛ የጠፋች ዶሮ ከነጫጩቶቿ ወጡ። የሰፈር ልጅ ሁሉ ከዳር ቆሞ ይጮኻል። ከዚያ ጋሽ ቱፋ ማጨጃውን አንስቶ፣ ትራክተሩን በወደቀው በቆሎ ላይ ወዲያና ወዲህ ይነዳው ጀመር። አገዳው ጧ ጧ እያለ ይሰነጠቃል። ሰውዬው ምን በድሎት ነው እንዲህ የሚበቀለው ብዬ አዳዳን ጠየቅኋት። አገዳው ሆዱ ውስጥ አየር ይዟል፣ ያን ማስወጣት አለብን አለችኝ። እኔም ወዲያው እንጨት አንስቼ ትራክተሩ የሳታቸውን እየቀጠቀጥኩ ሆዳቸውን ማስተንፈስ ያዝኩ። ያን ቀን የኔን ያህል ጠቃሚ ሰው በአዲስ አበባ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ማሰሪያዋ መኪና ግን እንደተፈራው ሆነች። ከፊቷ ባሉት የብረት ጣቶች በቆሎውን እየዛቀች ታስገባለች፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ወፍራም ብረት ዱብ፣ ዱብ እያለ ይጠቀጥቃል፣ በሲባጎ ይታሰርና ከኋላዋ እስር ሆኖ ይወጣል። ይህ ለሣር ነው። የበቆሎው የመጀመሪያ እስር ሲወጣ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን፤ መሬት ሲነካ ሲባጎው ሾልኮ ተዘረገፈ። ሁለተኛው ጭራሽ አልወጣም። ከውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና ማሰሪያዋ ቆመች። ጋሽ ቱፋ ወርዶ ከኪሱ ብሎን አወጣ። ይህ ብሎን ለመሰበር የተሠራ ነው፤ ሌላው አካሏ እንዳይሰበር እሱ ቀድሞ ይሰበራል አለኝ። አዘንኩለት ለብሎኑ። ተተካ፣ ትንሽ ሄደ፣ ተሰበረ። ጋሽ ቱፋ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳዳን ቀና ብሎ ማየት ከበደው። አባቴ ከፋብሪካ ተመልሶ እጆቹን ኋላው አጣምሮ በማሳው ዳር ቆሟል። ፊቱ ላይ ሰበታ ይነበብ ነበር።

አዳዳ ወደ ማሰሪያዋ ጠጋ ብላ አፏ ውስጥ የተወተፈውን አገዳ አየች።

“በትልቁ እያጎረስካት ነው” አለችው። “እንግዳ ናት፤ ትንሽ ትንሽ አጉርሳት።”

በመንሽና በእጅ በቆሎውን አሳሳነው። ወፍራሙን ክምር ሁሉ ቀጭን መስመር አድርገን ዘረጋነው፤ ጎረምሶቹም፣ ሴቶቹም፣ ልጆቹም። ጋሽ ቱፋ እስሩን አሳጥሮ፣ ሲባጎውን ደራርቦ፣ ትራክተሩን እንደ ኤሊ ይነዳው ጀመር። ዱብ። ዱብ። አረንጓዴ ጭማቂ ከሥሯ ይንጠባጠባል፤ ንቦች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከበቧት። እስሩ ቀስ ብሎ ብቅ አለ፣ ብቅ አለ፣ ወደቀ። አልተፈታም። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እየዘለልኩ ስጮህ አንድ ጫማዬ ወልቆ ተወረወረ፤ ምናልባት ከአንዱ እስር ጋር ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ወዲህ አልታየም።

እስሩ እርጥብ ስለሆነ ሲበዛ ይከብዳል። ጎረምሶቹ እየተቀባበሉ እያንከባለሉ ወደ በረቱ ጀርባ አመጡት። እዚያ አዳዳ ከመርካቶ ያስመጣችው ወፍራም ላስቲክ መሬት ላይ ተነጥፏል። በአንድ ትልቅ ክምር ፋንታ ትንንሽ ክምሮች እንዲሠሩ አደረገች፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው እንደታሸገ እንዲቆይ። በእስሮቹ መካከል የቀረውን ክፍተት ቅጠልና ፍርፋሪ ሞላንበት፤ ከዚያ የልጆች ሥራ መጣ። አዳዳ ወደ ላይ እያነሳች ክምሩ ላይ አወጣችንና ርገጡ አለችን። ትምህርት ቤት የምንከለከለውን ሁሉ ታዘዝን ማለት ነው። ዘለልን፣ ተያይዘን ተሽከረከርን፣ ወደቅን፣ ተነሳን። እግራችን በስኳሩ ተጣብቆ በየእርምጃው ጯ ጯ ይላል። ሰውነታችን ሁሉ እርጥብ በቆሎ በቆሎ ይሸት ነበር።

ከሰዓት በኋላ በፉሪ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። በጥቅምት ዝናብ አይጠበቅም፤ ሳይጠበቅ መጣ። ላስቲኩን ከላይ ለማልበስ ሁሉም ተረባረበ። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የታየው። የተቆረጡት የአገዳ ጫፎች እንደ ሚስማር ሹል ናቸው፤ ላስቲኩን በጎተትነው ቁጥር ጧ፣ ጧ እያሉ ይወጉታል። ጋሽ ቱፋ ጎንበስ ብሎ በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ጣቱን ከተተ፤ ከዚያ በሌላው።

“አየር ከገባ አበቃ” አለ። “ይሻግታል። የሻገተ ደግሞ ላም ይጎዳል።”

አዳዳ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ማሳው ባዶ ነው። እሸቱ ታጭዷል፤ መልሶ አይተከልም። ቡሬ ከበረቱ ውስጥ ትጮኻለች። እኔ ከክምሩ ጫፍ ሆኜ የአዳዳን ፊት ሳይ መዝለሌን አቆምኩ። ሰው ሁሉ ቆመ።

እትዬ ወለላ ቀኑን ሙሉ ጌሾ ታሰጣ ነበር። አንድ ቁና የማይሞላ ጌሾ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በአጥሩ ሥር ስታሰጣ፣ ስትገለብጥ፣ እንደገና ስታሰጣ ዋለች። አሁን ግን በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

“ዘነቡ፣ የምትፈሩት አየር ነው?”

“አየር ነው፣ ወለላ” አለች አዳዳ ሳትዞር።

“ታዲያ ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ጋን ስመርግ የኖርኩ ሰው ነኝ።”

ጠላ የጠመቀ ያውቃል፤ ጋኑ ሲሞላ አፉ በጭቃና በእበት ይመረጋል፣ አየር ካገኘ ይበላሻል። እትዬ ወለላ በአጥሩ ክፍተት ገብታ ቀሚሷን ሰበሰበች። እበት የሚጠፋበት ቤት አይደለም የኛ ቤት። ከአመድና ከቀይ አፈር ጋር ተቦካ፤ ቡትቶ እየተቀደደ ተነከረና በየቀዳዳው ላይ ተለጠፈ። አዳዳ ከአንዱ ጎን፣ እትዬ ወለላ ከሌላው፣ እስከ ክርናቸው እበት ሆነው። እኛ ልጆች ቀዳዳ ፈላጊዎች ተባልን። እዚህ አለ፣ እዚህም አለ እያልን በክምሮቹ ዙሪያ መዞር ነው። ከዚያ ሌላ ላስቲክ በላዩ ለበሰ፣ ዳር ዳሩ በአፈር ተደፈነ፣ አሮጌ ጎማና ድንጋይ ተጫነበት። ዝናቡ ማዶ ለቡ ሰፈር ላይ ወርዶ እኛን በጥቂት ጠብታ አለፈን። እትዬ ወለላ እጇን ስትታጠብ ስለ ጡሩ ምንም አላነሳችም። ሰው ቀምሶ የለ፣ አለች ብቻ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ እኔ የማልችለው ነገር ነው። ትምህርት ቤት የከሰዓት ፈረቃ ነበርኩ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ክምሮቹ ሄጄ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ውስጡ ሲንሾካሾክ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ሽታው ከየት እንደሚያመልጥ ባይታወቅም፣ ኅዳር ላይ ግቢው ሁሉ ድፍድፍ ድፍድፍ ማለት ጀመረ። መስኩ ላይ ቤት የሚሠሩት ግንበኞች ከሥራ ሲወጡ በራችንን እያንኳኩ ጠላ አለ ወይ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን አዳዳ እየሳቀች መለሰቻቸው፤ ሲበዙባት ግን በር ላይ እኔን አቆመችኝ። ወደ እትዬ ወለላ ቤት ነበር የምመራቸው። ሴትዮዋ ያን ወር ጋኗ አልበረደም፤ ክምራችንን ከአጥር ማዶ እያየች ማስታወቂያዬ ትለው ነበር።

እኔ ግን ከግንበኞቹ አንድ ጭንቀት ተማርኩ። ያ ነገር ጠላ ከሆነ ላሞቹ ይሰክራሉ። ቡሬ ሰክራ ስትንገዳገድ፣ ያን ትልቅ ሆዷን ይዛ ስትወድቅ ይታየኝ ጀመር። አንድ ቀን አዳዳን ነገርኳት። ሳትስቅ አዳመጠችኝ፤ ይህ ለሷ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ቡሬ ብትሰክር አንቺ ትደግፊያታለሽ፣ ለዚህ ነው የማሳድግሽ አለችኝ። እውነቷን መስሎኝ የበረቱን ግድግዳ እየገፋሁ ክንዴን ማጠንከር ጀመርኩ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ የነበረችን ትንሽ ገለባ አለቀች። ላሞቹ ጎናቸው ጎደጎደ፤ የቡሬ ሆድ ግን እንዳለ ነው፣ አጥንቷ ብቻ ነው የወጣው። አዳዳ ፉርሽካውን በጣሳ ጫፍ እየለካች ትሰጣለች። አባቴ ሲገባም ሲወጣም በረቱን ያያል። ክምሩ ለምን አይከፈትም ብሎ አንድ ጊዜ ጠየቃት፤ ጊዜው አልደረሰም አለችው። ፈርታ እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ። ካልተከፈተ ገና አልተበላሸም። እኔም አንዳንድ የፈተና ውጤት እንደዚያ ነበር የምይዘው።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ረፋድ ላይ የሰበታው ነጋዴ መጣ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ ሰላምታ ሰጠ። ገመድ ግን በእጁ ይዟል። አባቴ ከሱ ጋር በር ላይ ሲነጋገር፣ አዳዳ አካፋ አንስታ ምንም ሳትናገር ወደ መጀመሪያው ክምር ሄደች። እትዬ ወለላ ከአጥር ማዶ አይታ መጣች። ድንጋዩ ተነሳ፣ ጎማው ተነሳ፣ ምርጊቱ ተፈረፈረ። ላስቲኩ ሲገለጥ ዳሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አየን። የአባቴ ትከሻ ዝቅ ሲል ከሩቅ ይታየኛል። አዳዳ ግን ሻጋታውን በአካፋ ዳር ላይ ጥርግ አድርጋ ለብቻው ጣለች፤ ሲባጎውን በማጭድ በጠሰች።

እስሩ ተከፈተ። ውስጡ እንደ ወይራ ፍሬ አረንጓዴና ቢጫ ነው። እሸቱ ፍሬው እንዳለ አለ። ያ ሽታ ተነሳ፤ ከሳምንታት የሹክሹክታ ሽታ በኋላ ሙሉ ድምፁን የለቀቀ ሽታ። ምራቄ ሞላ። እትዬ ወለላ በጣቷ ቆንጥራ አሸተተች፣ አሸተተችና ጥሩ ድፍድፍ ነው የሚወጣው አለች።

አዳዳ አንድ እቅፍ ይዛ በረት ገባችና ግርግሙ ላይ አደረገችው። ቡሬ ተጠጋች። አሸተተች። እፍ ብላ ራሷን አነሳች፣ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነጋዴው በሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። አዳዳ ከቡሬ አጠገብ እንደቆመች ናት። ለኔ አንድም ቀን ያልተጠቀመችበትን ያን ለስላሳ ድምፅ አውጥታ በኦሮምኛ ታናግራት ጀመር። ከግርግሙ አንድ ጭብጥ አነሳች፣ ከኪሷ ጨው አውጥታ ነሰነሰችበት፣ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። እኔ ልደግፋት በተዘጋጀሁበት ጎን ቆሜያለሁ። ቡሬ ምላሷን አወጣች። ጨውን ላሰች። ጨው ላይ የተጣበቀውን ቅጠል ላሰች። አፏን አላመጠች፣ ቆመች፣ እንደገና አላመጠች። ከዚያ ወደ ግርግሙ ዞረችና አፍንጫዋን እስከ ዓይኗ ከተተችው።

ስትቆረጥም በረቱ ሙሉ ይሰማል። ሌሎቹ ላሞች ገመዳቸውን እየጎተቱ ይጮኻሉ። እትዬ ወለላ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ላሟ እንዳትደነግጥ ብላ በእጇ ከደነችው። እኔ ሳቄም ለቅሶዬም አብሮ መጣ፤ ያን ያህል ደስታ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። ቡሬም አልሰከረችም።

ነጋዴው ገመዱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። “እንግዲህ እንጨርስ?” አለ።

አባቴ ዞር ብሎ ቡሬን አየ። “ይቅርታ ወንድሜ” አለ፤ “ላሟ ምሳ ላይ ናት።”

“ግድ የለም፣ እጠብቃታለሁ።”

“እስከ ሰኔ አትነሳም።”

ሰውዬው አባቴን አየ፣ አዳዳን አየ፣ ኮፍያውን አጠለቀና ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። አዳዳ ግንባሯን ቡሬ ትከሻ ላይ አስደግፋ ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ በሌላው ጎን ዞሬ አየኋት። እየሳቀች ነው፤ እንባዋ ግን እየወረደ ነው። ቀና ስትል ወንድሟ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

“ምን ቆመሃል?” አለችው። “እነዚያስ ላም አይደሉም? ስጣቸው እንጂ።”

አባቴ የእሑድ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ክምሩ ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ያን ጎምዛዛ በቆሎ እስከ አገጩ ታቅፎ ገባ።